ደፍሮ መግባት እና በጀግንነት መዋጋት

የእንግሊዝኛ መምህር ሰሌዳ ላይ «ብሬቭሊ» የሚለውን ቃል ሲጽፍ ተማሪው ከጎኑ የሚያስቀምጠው ፍቺ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «በጀግንነት»። «ከሬጅየስሊ» ሲመጣም «በጀግንነት»፤ «ቫሊያንትሊ»ም «ጋላንትሊ»ም ያው። ሐዋሳን በመሰለ ከተማ ይህ አቋራጭ ይበልጥ ያጓጓል። ብዙው ልጅ ቤቱ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ይናገራል፤ ገበያና መንገድ ላይ አማርኛ ይቀበለዋል፤ ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደርስ ደግሞ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ከተማዋ የደቡብ ክልል መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ ወዲህ ያንን ቦታ ሲዳምኛ ይዞታል፤ አማርኛ ግን ከየአቅጣጫው የመጣውን ነዋሪ ማገናኘቱን አልተወም። ሦስት ቋንቋ ለሚያመላልስ ሰው «ይህ ማለት ያ ማለት ነው» የሚል አጭር ፍቺ ጊዜ ይቆጥብለታል። ሆኖም ይህኛው ፍቺ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ አቁማዳ ከቷል፤ አማርኛ ሁለቱን ለይቶ የሚናገርበት የቆየ ዘዴ አለው፤ «በጀግንነት» ደግሞ ከሁለቱ የአንደኛው ስም ነው።

ከቃሉ ትውልድ እንጀምር። «ብሬቭ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛም ያገኘው ከጣልያንኛው «ብራቮ» ነው። የጣልያንኛው ቃል ጥንት ደፋርን ብቻ ሳይሆን ያልተገራውን፣ ዱርዬውን፣ ለገንዘብ ሰው የሚገድለውንም ይጠራበት ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥሩ አከራካሪ ነው፤ አንዳንዶቹ «ባዕድ፣ አረመኔ» ከሚለው የላቲን ቃል ያወርዱታል፤ ሌሎች «ጠማማ» ከሚለው። ከሁለቱ የትኛውም ቢረታ ቃሉ ሲወለድ ምስጋና አልነበረም። እንግሊዝ አገር ከደረሰ በኋላም ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ያማረ ልብስ ለብሶ የሚንጎራደደውን ሰው «ብሬቭ» ይሉት ነበር። ጀርመኖች ዘንድ ደግሞ ያው ቃል ዛሬ ጨዋ፣ ታዛዥና ጸጥተኛ ልጅ ማለት ሆኗል፤ ከነፍሰ ገዳይ ተነሥቶ የእናቱን ቃል የሚሰማ ሕፃን ዘንድ ለደረሰ ቃል ረጅም ጉዞ ነው። እኛም ከዚሁ ግንድ አንድ ቅርንጫፍ ይዘናል። ሕፃን ፊደል ሲለይ፣ ተማሪ ጥያቄ ሲመልስ የምንለው «ብራቮ» የዚያው የጣልያንኛ ቃል ነው። የ«ብሬቭሊ» ጅራት የሆነችው «ሊ»ም የራሷ ታሪክ አላት፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «አካል፣ መልክ» ከሚለው ቃል የወጣች ናት። ስለዚህ ቃሉ ሲፈታ «በደፋር አካል፣ በደፋር መልክ» እንደማለት ይሆናል። ይህ የአካል ነገር ወደ አማርኛው ስንሻገር ያስፈልገናል።

ሌሎቹ የእንግሊዝኛ ቃላት ከየት እንደመጡ ሲታይ ሁሉንም «በጀግንነት» ብሎ መጠቅለሉ ምን ያህል እንደሚያጎድል ይገለጣል። «ከሬጅ» ልብ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ የእኛ «ልበ ሙሉ» የሚገኝበት ሰፈር መሆኑ ነው። «ቫሊያንት» ከብርታትና ከጥንካሬ ይመጣል። «ጋላንት» ከፈንጠዝያና ከደስታ ተነሥቶ የጦር ሜዳ ቃል ሆነ። እንግሊዞች ራሳቸው በእነዚህ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት አቅልለው አያዩትም። እ.ኤ.አ. በ1856 ከፍተኛው የጦር ሜዳይ፣ የቪክቶሪያ መስቀል፣ ሲቋቋም በላዩ እንዲቀረጽ የቀረበው ጽሑፍ «ለጀግኖች» የሚል ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ አልተቀበሉትም። ምክንያታቸው መስቀሉን ያላገኘው ወታደር ፈሪ ነው ያሰኛል የሚል ነበር፤ በምትኩ ጽሑፉ ስለ ሰውየው መናገሩን ትቶ ስለ ሙያው እንዲናገር አደረጉ። ሜዳዩ ዛሬም የሚለው «ስለ ጀግንነት» ነው። ንግሥቲቱ የገባቸው ነገር ለእኛም ክርክር መነሻ ይሆናል፤ ሰውን ጀግና ማለትና አንድን ሥራ የጀግንነት ሥራ ማለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው።

«ብሬቭሊ» በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። አንድ ዝቅ ያለ ሠራተኛ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ አለቃውን ይቃወማል እንበል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ወረቀቱ እጁ ላይ ይርበተበታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ቃሉን ከግሱ አስቀድሞ ካስቀመጠ መናገሩ ራሱ ጀግንነት ነበር ማለቱ ነው፤ ድምፁ ቢንቀጠቀጥም እውነት ይሆናል። ከግሱ አስከትሎ ካስቀመጠው ግን የአነጋገሩን ሁኔታ መግለጹ ነው፤ ያኔ መንቀጥቀጡ ዓረፍተ ነገሩን ያፈርስበታል። እንግሊዝኛ ይህን ሰፊ ልዩነት የሰጠው ለቃሉ ቦታ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አንባቢው ሳያስተውለው ያልፋል። አማርኛ ግን ከአንዱ ሥር ሁለት ቅርጽ አውጥቶ ለየብቻ ሰይሟቸዋል፤ «ደፍሮ ተናገረ» እና «በድፍረት ተናገረ»። «ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ደፍሮ ተናገረ» ቢባል ማንም አይደናገርም፤ እንዲያውም መንቀጥቀጡ ድፍረቱን ያጎላዋል። «ድምፁ እየተንቀጠቀጠ በድፍረት ተናገረ» ሲባል ግን ጆሮ ይጎረብጠዋል። ተጨማሪ ማስረጃ የሚፈልግ በአሉታ ይሞክረው። «በድፍረት አልተናገረም» ስንል ሰውየው ተናግሯል፤ የጎደለው ድፍረቱ ነው። «ደፍሮ አልተናገረም» ስንል ግን ከነአካቴው ቃል አልወጣውም። ዝም ማለቱ ራሱ ጀግንነት የሆነበትን ሰው ልንገልጽ ብንፈልግስ? ያኔ አማርኛ አሉታውን ወደ አዎንታ ይለውጠዋል፤ «ደፍሮ ዝም አለ» ወይም «አልናገርም ብሎ ጸና» ይላል። «ደፍሮ» የሚቆመው ከሥራው በፊት፣ የውሳኔው ደጃፍ ላይ ነው። «በድፍረት» እና «በጀግንነት» ግን ሥራው ከተጀመረ በኋላ ያለውን አኳኋን ይገልጣሉ።

ይህ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» እንዳሳዩት በአማርኛ በራሳቸው የቆሙ ተውሳከ ግሶች በጣም ጥቂት ናቸው፤ «ቶሎ»ን፣ «ክፉኛ»ን፣ «ገና»ን የመሰሉ ናቸው። እንግሊዝኛ «ሊ»ን እየቀጠለ በሺህ የሚቆጠሩትን ሲያመርት አማርኛ ሥራውን ለሌሎች አከፋፍሎታል። አንዱ መንገድ «በ»ን ከረቂቅ ስም ጋር ማጣመር ነው፤ «በጀግንነት» የተሠራው በዚህ ነው። ሁለተኛው፣ የበለጠ ቤተኛ የሆነው፣ ከግሱ ሌላ ግስ ማስቀደም ነው፤ ደፍሮ ገባ፣ ጨክኖ ወጣ፣ ቆርጦ ተነሣ። በዚህ መንገድ የሚመጡትን አነጋገሮች ብንደረድር የእንግሊዝኛዋ «ሊ» በጥንት ዘመኗ ልታደርገው የሞከረችውን፣ ድፍረትን በአካል ላይ ማሳየትን፣ አማርኛ እስከ ዛሬ በየቀኑ ሲያደርገው እናገኘዋለን። ጥርሱን ነክሶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ወገቡን ታጥቆ፣ አንጀቱን አስሮ፣ ልቡን ሞልቶ። አምስቱም የተለያየ ድፍረት ናቸው። ጥርሱን የነከሰ ሕመም ይዞታል፤ ደረቱን የነፋ ተመልካች አለው፤ አንጀቱን ያሰረ ልጁን ለስደት ሲሸኝ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ የረቀቀው ነው። ደፈር ብሎ፣ ቆፍጠን ብሎ፣ ፈርጠም ብሎ፣ ኮስተር ብሎ። እዚህ ላይ ድፍረት መጠን አለው። «ደፈር ብሎ ጠየቀ» ያልነው ሰው ጀግና አይደለም፤ ትናንት ያልጠየቀውን ዛሬ ጠይቋል፤ በቃ። ይህን ትንሽዋን ድፍረት በ«ብሬቭሊ» ለመናገር የሞከረ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወይ ያጋንናል ወይ ይቀልዳል።

«ደፈረ» ግን ንጹሕ ቃል አይደለም፤ ለምን «ብሬቭሊ»ን በዚህ ቃል ብቻ አንፈታም ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ከዚህ ይነሣል። በግዕዝም በአማርኛም ግሱ መድፈርንና መጣስን አንድ ላይ ይዟል። «ደፋር» በልጅ ላይ ሲነገር ስድብ ነው፤ ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም የሚለው ተረትም አድናቆትና ትዝብት የተቀላቀለበት ነው። አገር ይደፈራል፤ ድንበር ይደፈራል። ከሁሉ የከበደው ደግሞ የወንጀል ሕጋችን ለሴት ልጅ ጥቃት የሰጠው ስም «አስገድዶ መድፈር» መሆኑ ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው ፊልም «ድፍረት» የሚል ርእስ የያዘው ይህን ሁለትነት አውቆ ነው። ፊልሙ የተመሠረተው አርሲ ውስጥ ተጠልፋ ጠላፊዋን በገደለች የ14 ዓመት ልጅና በኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኩል ጥብቅና በቆሙላት በመዓዛ አሸናፊ ታሪክ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ትቶለት ነበር፤ ቀዳዳው የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። በአንድ ታሪክ ውስጥ አንዱ ደፈረ፣ ሌላዋ ደፈረች፤ ግሱ አንድ፣ ሥራው ሰማይና ምድር። ግሱን የሚለየው ተሳቢው ነው። ሰው ሲደፈር ወንጀል ነው፤ ሥራ ሲደፈር፣ ማለትም መናገር፣ መግባት፣ መክሰስ ሲደፈር፣ ሙያ ነው። በሁለቱም በኩል የታጠረ ነገር ይታለፋል፤ ጥያቄው አጥሩ የማን ነው የሚለው ነው። ቃሉ ቆሽሿልና እንተወው ለሚሉ ወገኖች የምመልሰው ይህንኑ ነው። «ደፍሮ ተናገረ» ሲባል ከሥራ ጋር ስለተያያዘ አደጋ የለውም፤ አደጋው ያለው ቃሉን ብቻውን ርእስ አድርጎ መስቀል ላይ ነው። ፊልሙ ግን ያንኑ አደጋ ሆን ብሎ ተጠቅሞበታል።

«በጀግንነት» ወደሚለው እንመለስ። ይህ ቃል ምስክርነት ነው። ሌላ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚሰጠው ቃል ነው። «በጀግንነት ተዋጋሁ» ብሎ ስለ ራሱ የሚናገር ሰው ያስቃል፤ «ደፍሬ ገባሁ» ያለ ግን አያስቅም፤ ውሳኔውን መናገሩ ነውና። የሐዋሳ ጎረቤት የሆነችውን የይርጋለምን ታሪክ እንይ። ሐዋሳ ገና ከተማ ሆና ሳትቆረቆር የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው መቀመጫቸው ይርጋለም ነበር። በ1929 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከተማዋ በጣልያን እጅ ስትወድቅ የቀረ ሠራዊታቸውን ይዘው ወጡ፤ የካቲት 17 ቀን ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተረሸኑ። አዲስ አበባ ውስጥ በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ የደረሰው የቦንብ አደጋ ገና አምስት ቀኑ ነበር። የእሳቸውን ነገር «በጀግንነት ተዋጉ» ብንል እውነት ነው፤ ግን ዋናው አይነገርም። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ፣ አዲስ አበባም ከተያዘች በኋላ ለወራት እጅ አልሰጥም ማለታቸው የውጊያቸው አኳኋን አይደለም፤ ከውጊያው በፊት የቆመ ውሳኔ ነው። አማርኛ ለዚህ «እምቢ ብለው» ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተረሸኑት አቡነ ጴጥሮስ ዘንድ ሲደረስ ደግሞ «በጀግንነት ተዋጉ» የሚለው ጭራሽ ቦታ ያጣል፤ አልተዋጉምና። ጳጳሱ የሠሩት እምቢ ማለትና በዚያው መጽናት ነው። ለእንዲህ ያለው ቤተ ክርስቲያን ከግዕዝ ያቆየችው ሌላ ቃል አላት፤ «በጥብዓት» ትላለች፤ ሰማዕታት ሞትን የተቀበሉበት ድፍረት ነው። «ብሬቭሊ» እነዚህን ሁሉ እንዳመጣጣቸው ይጠቀልላቸዋል። እንግሊዝኛ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ግን የትኛው እንደሆነ መርጦ መፍታት ይችላል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይመጣል። ስለ ራስ ጀግንነት መናገር ያስቃል ካልህ ፉከራና ሽለላ ምንድን ናቸው? ዘራፍ ብሎ የተነሣ ሰው ራሱን አያወድስምን? ያወድሳል። ግን እንዴት እንደሚያወድስ እናስተውል። ፎካሪው የሚጠራው የገደለውን፣ የዋለበትን ሜዳ፣ የፈረሱን ስምና የጌታውን ስም ነው፤ በስምና በሥራ ይቆጥራል እንጂ «በጀግንነት» ብሎ አኳኋኑን አይገልጽም። ፍርዱን ለሚሰማው ይተወዋል፤ «ጀግና!» የሚለው ሕዝቡ ነው። ስለዚህ ፉከራ ክርክሬን ከማፍረስ ይልቅ ያግዘዋል። የፈረስ ስም ካነሣን አይቀር፣ የዐድዋው መድፈኛ አባ ነፍሶ፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ ሲዳሞን ሁለት ጊዜ ገዝተዋል። በ1929 ዓ.ም. በስተርጅና ከጣልያን ጋር ሲዋጉ መውደቃቸውን የሚያወሳ ሁሉ «በጀግንነት» ይላል፤ ትክክልም ነው። ያው ሰው ገባርነትን አጥብቀው የጫኑበት የሲዳማ ገበሬ ልጅና የልጅ ልጅ ግን አባ ነፍሶን የሚያስታውሰው ከዐድዋ ብቻ እንዲሆን መጠበቅ አይገባም። ቃሉ ምስክርነት ከሆነ ምስክሩ የት ቆሞ እንዳየ መጠየቅ አለበት። «ደፍሮ» ይህ ጣጣ የለበትም፤ ጠላትም ስለ ጠላቱ «ደፍሮ ገባ» ይላልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቋንቋ ለውጥ ወገን ነው። ቋንቋ ይለወጣል፤ ጋዜጠኛና ተርጓሚ «በጀግንነት»ን ለሁሉ ቢጠቀሙበት ምን ይጎዳል? ደግሞስ እንግሊዝኛም «ደፈረ» የሚል ግስ አለው፤ አማርኛን ብቻ ምን ልዩ አደረገው? ሁለቱም እውነትነት አላቸው። «በጀግንነት» ራሱ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከአማርኛ ሥር የበቀለ ነው። እንግሊዝኛም ሲፈልግ በግስ ይናገራል፤ ግን እንዲያ ሲል ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ማፍረስና እንደገና መሥራት አለበት፤ አማርኛው አንድ ቃል አስቀድሞ ያልፋል። የለውጡን ነገር ደግሞ በኪሳራው እንመዝነው። ደርግ «ቆራጥ» የሚለውን ቃል ከመሪው ስም ፊት እየደጋገመ ሲለጥፈው ቃሉ ከዕለት ንግግር ራቅ ብሎ የመፈክር ድምፅ አወጣ፤ የተማሪው ንቅናቄ «ጀብደኛ»ን ለክስ ሲያውለው «ጀብዱ» ጥላ አጠላበት። «በጀግንነት»ም በዜና ውስጥ በየዓረፍተ ነገሩ ሲገባ እንዲሁ እየሆነ ነው፤ ማን ምን እንደወሰነ ሳይነግረን ሁሉንም በአንድ ቀለም ይቀባል። በአንጻሩ «ጀግና» የሚለው ስም ሰፍቶ ገበሬውን፣ ሯጩን፣ ብቻዋን ልጆች ያሳደገችውን እናት ማቀፉ አይከፋኝም፤ እዚያ ላይ ቃሉ ሰዎችን አገኘ እንጂ ልዩነትን አልዋጠም። «ጀገነ» የሚል ግስ ቢኖርም «ጀግኖ ተናገረ» የሚል ሰው ብዙም አለመሰማቱ ራሱ ያስተምራል፤ ጀግንነት በአማርኛ ለሰው የሚሰጥ ስም ነው፤ ከሥራው በፊት የሚደረገው መድፈር፣ መጨከን፣ መቁረጥ ነው።

ለተርጓሚ ከሁሉ የሚያስቸግረው የ«ብሬቭሊ» አገባብ ከጦር ሜዳ ውጭ ያለው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሐዘን ላይ ሆና ፈገግ ያለችውን ሴት፣ መርፌ ሲወጋ ያላለቀሰውን ሕፃን፣ ከካንሰር ጋር ዓመታት የቆየውን ታማሚ ሁሉ በዚሁ ቃል ይገልጣሉ። የእነሱ የሙት መታሰቢያ ጽሑፍ ሕመምን ጦርነት ያደርገዋል፤ ታማሚው «በጀግንነት ተዋግቶ» ያርፋል። ይህ አነጋገር በትርጉም በኩል ወደ አማርኛም መግባት ጀምሯል። የሚያስቸግረው ሕመም ውጊያ አለመሆኑ ብቻ አይደለም። የሞተው ሰው በጀግንነት ከተዋጋ፣ የዳነው አሸነፈ፣ ቶሎ የሞተው ደግሞ ሰነፈ ማለት ይሆናል፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ስለ ሜዳዩ የፈሩት ያው ነገር ሆስፒታል ገባ ማለት ነው። አማርኛ ለዚህ ሰው ጦርነት ሳይፈጥርለት የሚለው አለው። ሕመሙን ችሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ሰው ሳያስቸግር፤ ሐዘንተኛዋም ሴት እንደምንም ብላ ፈገግ አለች። «እንደምንም ብሎ» የምትለዋን የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ «ብሬቭሊ» ከሚለው ቃል ሥር ባይጽፋት አልፈርድበትም፤ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የሚተረጉም ሰው ግን ከ«በጀግንነት» ይልቅ ደጋግሞ የምታስፈልገው እሷው ናት።